የእህቴ ፕሮቲን ሲ እና ፕሮቲን ኤስ «ዝቅተኛ ነው» ተባለ፤ እኔስ መመርመር አለብኝ?

የአምስት ኪሎዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ የታናሽ እህቴ ነው። ሴት ልጅ ከወለደች ብዙም ሳይቆይ ግራ እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ እስከ ጭኗ አበጠ። ሊጠይቋት የመጡት ሴቶች ሁሉ «የአራስ እብጠት ነው፣ በሞቀ ውኃና በጨው ይታሽላት» አሉ። እናቴ ብቻ «የአራስ ከሆነ ሁለቱም እግር ያብጥ ነበር፣ አንዱ ብቻ ለምን?» ብላ አልተቀበለቻቸውም። ይዘናት ሄድን። በአልትራሳውንድ ሲታይ ጭኗ ውስጥ ባለው ትልቅ ደም መላሽ ሥር ደም ረግቷል ተባለ። ሆድ ላይ የሚወጋ መርፌና ዋርፋሪን የተባለ ደም ማቅጠኛ እንክብል ተጀመረላት፤ እብጠቱም እየጎደለ ነው፤ ለእርሱ ምስጋና ይግባው።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ዘመዳችን «ምክንያቱን ማወቅ አለባችሁ» ብሎ ስለወተወተ በመሀል ከተማ በሚገኝ አንድ የግል ላብራቶሪ ደም ሰጠች። ናሙናው ውጭ አገር ተልኮ ውጤቱ መጣ፦ ፕሮቲን ሲ ዝቅተኛ፣ ፕሮቲን ኤስ በጣም ዝቅተኛ። ወረቀቱን የሰጠን ሰው «በዘር የሚተላለፍ ነው» ከማለት ሌላ አንዲት ማብራሪያ አልጨመረም። የእህቴ አማት ይህን ሰምተው «እንዲህ ያለ ነገር በዘራችሁ መኖሩን እያወቃችሁ ልጃችንን አስገባችሁት» እስከ ማለት ደረሱ። ቤቱ በለቅሶ ተሞልቷል።

እነዚህ ፕሮቲኖች ሥራቸው ምንድን ነው? ወረቀቱን ምን ያህል እንመነው? እኔ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል እወስዳለሁ፤ እኔም ልመርመር?

ማይክሮስኮፕ
የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ንገሪን፦ ደሙ የተቀዳው ዋርፋሪን ከመጀመሯ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከወለደችስ ስንት ጊዜዋ ነበር?

የአምስት ኪሎዋ
ዋርፋሪን ከጀመረች በኋላ ነው። ልጅቷ ገና ሰማንያ ቀን አልሞላትም፣ ክርስትና አልተነሣችም።

ማይክሮስኮፕ
እንግዲያው ያ ወረቀት ስለ እህትሽ ዘር የሚናገረው ነገር የለም። ቁጥሩ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም፤ መሣሪያው ያየውን በትክክል ጽፎ ይሆናል። ነገር ግን በዚያ ሰዓት ቁጥሩን ዝቅ የሚያደርጉ ሦስት ምክንያቶች እላይዋ ላይ ነበሩ።

ፕሮቲን ሲም ሆነ ፕሮቲን ኤስ ሥራቸውን እንዲሠሩ ሆነው የሚወጡት ጉበት በቫይታሚን ኬ እየታገዘ ሲሠራቸው ነው። ዋርፋሪን ደግሞ የቫይታሚን ኬን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ነው። ስለዚህ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ሁሉ፣ ዘሩ ከየትም ይሁን፣ ሁለቱም ዝቅ ይሉበታል። ሁለተኛ፣ ፕሮቲን ኤስ በእርግዝና ጊዜ በተፈጥሮ ይቀንሳል፤ ከወሊድ በኋላም ወደ ቦታው እስኪመለስ ሳምንታት ይወስዳል። ሦስተኛ፣ ትኩስ የደም መርጋት ራሱ እነዚህን ፕሮቲኖች ይፈጃል። ሦስቱ በአንድነት ተገኝተው ውጤቱ ጤናማ ቢሆን ነበር የሚገርመኝ።

የሚያናድደኝ ይህ አዲስ እውቀት አለመሆኑ ነው። በምርመራ መጠየቂያው ላይ «ታካሚዋ ምን መድኃኒት ትወስዳለች?» የሚል አንድ መስመር ቢሞላ ኖሮ ገንዘባችሁም ሰላማችሁም ይተርፍ ነበር።

ቸርችል ጎዳና
ፋርማሲስት ነኝ። «ሥራቸው ምንድን ነው» ለሚለው እኔ ልሞክር።

ደም የሚረጋው በዋናነት ትሮምቢን በሚባል ኢንዛይም ነው። ትሮምቢን ፋይብሪኖጅንን ወደ ፋይብሪን ክር ይለውጣል፣ ፕሌትሌት የሚባሉትን ደም ለማርጋት የሚጣበቁ ጥቃቅን ሕዋሳት ይቀሰቅሳል፤ ከዚያም ፋክተር 5 እና ፋክተር 8 የተባሉትን ደም የማርጋት ፕሮቲኖች አንቅቶ ተጨማሪ ትሮምቢን እንዲሠራ ያደርጋል። ማቆሚያ ባይኖረው ጣታችንን በቢላ በቆረጠን ቁጥር የመላ ሰውነታችን ደም በረጋ ነበር። በጤነኛ ደም ሥር ውስጠኛ ገጽ ላይ ግን ትሮምቦሞዱሊን የሚባል ተቀባይ አለ። ትሮምቢን ከእርሱ ጋር ሲጣመር፣ አስቸጋሪ ጎረምሳ ትዳር ሲይዝ እንደሚሰክነው፣ ጠባዩ ይገለበጣል፦ ማርጋቱን ትቶ ፕሮቲን ሲን ያነቃል። የነቃው ፕሮቲን ሲ ፋክተር 5ን እና ፋክተር 8ን እየቆረጠ ከሥራ ያስወጣል። ፕሮቲን ኤስ በዚህ ሥራ ረዳቱ ነው። እንግዲህ ከሁለቱ አንዱ ሲያንስ ደም ያለ ቁስል፣ በተለይ ዝግ ብሎ በሚፈስባቸው የእግር ደም መላሽ ሥሮች ውስጥ፣ ሊረጋ ይችላል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ፣ እህትሽን በቀጥታ የሚመለከት ነገር ልጨምር። ዋርፋሪን ሲጀመር ደምን የሚያረጉትንም መርጋቱን የሚገቱትንም ፕሮቲኖች አብሮ ይቀንሳል፤ የሚቀንሱት ግን እኩል አይደለም። ፕሮቲን ሲ በደም ውስጥ በ8 ሰዓት አካባቢ በግማሽ ይጎድላል፤ የትሮምቢን እናት የሆነው ፕሮትሮምቢን ግን ለዚያው 60 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደሙ የመርጋት ዝንባሌው ሊብስ ይችላል። የሆድ መርፌው ከዋርፋሪን ጋር ቢያንስ ለ5 ቀን፣ አይኤንአር (ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው የምርመራ ቁጥር) ቢያንስ ለ24 ሰዓት 2 እና ከዚያ በላይ ሆኖ እስኪቆይ ድረስ፣ አብሮ የሚሰጠው ለዚህ ነው። መርፌው ያማል፣ ሆድ ያጠቁራል፣ ውድም ነው፤ ብዙ ሰው «እንክብሉን ከጀመርኩ መርፌው ምን ያደርግልኛል» ብሎ ቶሎ ያቆመዋል። ፕሮቲን ሲ በዘር ያነሰበት ሰው ያለ መርፌ ዋርፋሪን ቢጀምር፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ የጡት፣ የጭን ወይም የመቀመጫ ቆዳው ጠቁሮ እስከ መሞት ሊደርስ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚገጥም አይደለም፤ የገጠመው ግን አይረሳውም።

እውነት ይነገር
ዋርፋሪን የአይጥ መርዝ መሆኑን ለምን አትነግሯትም? አራስ ሴት መርዝ እየዋጠች ታጥባለች ማለት ነው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ደም ያቀጥናል፤ አባቶቻችን በዚያ ነው የኖሩት።

ቸርችል ጎዳና
የአይጥ መርዝ ሆኖ መሸጡ እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ገበያ የወጣው ለዚያ ነው። ታሪኩም በከብት ይጀምራል፦ በ1920ዎቹ በካናዳና በዩናይትድ ስቴትስ ሰሜናዊ ክፍል የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልቆም እያለ ያልቁ ነበር። በዊስኮንሲን የካርል ሊንክ ቡድን ምክንያቱን አጥንቶ ንጥረ ነገሩን ለየ፤ ዋርፋሪን ከዚያ ምርምር ተወለደ። ከ1954 ጀምሮ ለሰው መድኃኒት ሆኗል። አይጥን የሚገድለው መጠኑ ነው፤ ለሰው ደግሞ መጠኑ በደም ምርመራ እየተለካ ይሰጣል። ወደ እናት ጡት ወተት የሚያልፈው ከቁጥር የማይገባ ስለሆነ የሚያጠቡ እናቶች ይወስዱታል።

ነጭ ሽንኩርት በወጥ ውስጥ ይጣፍጣል። የረጋ ደም ወደ ሳንባ እንዳይሄድ ግን አያግድም። ከዋርፋሪን ጋር በብዛት ሲወሰድ ጭራሽ የመድማት አደጋ ሊጨምር ይችላል። እህቴ፣ ይህን ምክር እለፊው።

ዲያቆኑ
አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ በእንጦጦ መንገድ ብዙ ስላየሁ ነው። ጠበል ለመግባት ብለው መድኃኒት የሚያቋርጡ አሉ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ ታማሚዎች ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረው ነበር። እርሱ ለዚያ ከሠራ ለዚህም ይሠራል። ጠበሉን ትጠጣ፣ እንክብሏንም ትዋጥ።

ጋሼ ዋርፋሪን
ልጄ፣ ስሜን ያወጡልኝ የአራት ኪሎ የቡና ጓደኞቼ ናቸው፤ ይህን እንክብል ስውጥ ዓመታት ስለተቆጠሩ። ሐኪም አይደለሁም፣ ስለዚህ የምነግርሽ ስለ ኑሮው ነው።

ጎመን አትብይ ይሏታል። አትስሚያቸው። ጎመን ቫይታሚን ኬው ብዙ ነው፣ ዋርፋሪንን ይታገለዋል፤ ነገር ግን ችግር የሚፈጥረው መጠኑ ሲዋዥቅ ነው። በሁዳዴ አምሳ አምስት ቀን ሙሉ ጎመንና ሰላጣ እየበላን እንከርማለን፤ አይኤንአር ይወርዳል፣ ሐኪሙ መድኃኒቱን ይጨምራል። ፋሲካ ሲገባ ጎመኑ ቀርቶ ዶሮና ሥጋ ይተካል፤ የተጨመረው መድኃኒት ግን እንዳለ ነው፣ ድድ መድማት ይጀምራል። እኔ ለሐኪሜ ጾም ሲገባና ሲወጣ አስቀድሜ እነግረዋለሁ፣ በሁለቱም ጊዜ እመረመራለሁ። ለእኔ የተሰጠኝ ልክ ከ2 እስከ 3 ነው፤ ለእግር ደም መርጋትም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ከጎመን ይልቅ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። በዚህ ከተማ ሆዱን ያመመው ሰው ሁሉ «አሜባ ነው» ብሎ ሜትሮኒዳዞል ገዝቶ ይውጣል። ከእኔ ጋር የሚታከም አንድ ሰው እንዲሁ ውጦ አይኤንአሩ ሰማይ ነክቶ ደም እየሸና ሆስፒታል ገባ። ኮትራይሞክሳዞል የሚባለው አንቲባዮቲክም እንደዚያው ነው። ለወገብ ሕመም የሚሰጠው ዳይክሎፌናክ ጨጓራ ያደማል። የሳንባ ነቀርሳው ሪፋምፒሲን ደግሞ በተቃራኒው የዋርፋሪንን ጉልበት ይነጥቃል። እህትሽ ማንኛውም ፋርማሲ ስትገባ ከሰላምታ ቀጥሎ «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» ትበል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
እዚህ አሜሪካ ዋርፋሪን እየቀረ ነው፤ ሪቫሮክሳባን የሚባለውን አዲሱን ደም ማቅጠኛ ግዙላትና ከአይኤንአር ምልልስ ትገላገል። ደግሞ ፋክተር ፋይቭ ላይደን የሚባለውን ለምን አላስመረመራችኋትም? እዚህ መጀመሪያ የሚታዘዘው እርሱ ነው።

ማይክሮስኮፕ
ወንድሜ፣ ፋክተር ፋይቭ ላይደን እ.ኤ.አ. በ1994 በኔዘርላንድስ የላይደን ከተማ የተለየ የጂን ለውጥ ነው፤ የነቃው ፕሮቲን ሲ ፋክተር 5ን እንዳይቆርጠው ያደርጋል። በአውሮፓ ዝርያዎች ዘንድ ብዙ ስለሚገኝ እናንተ ዘንድ ቶሎ ይታዘዛል። በአፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ ግን እምብዛም ነው። የውጭውን የምርመራ ዝርዝር እንዳለ ገልብጦ ማዘዝ ገንዘብ መጨረስ ነው።

ቸርችል ጎዳና
ሪቫሮክሳባን ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ለብዙ ሰውም ኑሮን አቅልሏል። የሚያጠቡ እናቶች ግን ባይወስዱት ይመከራል፤ ወደ ወተት ስለሚያልፍ። ለአራስ ዋርፋሪን የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ፒያሳ የነበርኩ
የአይኤንአር ምልልስ ያላችሁት እኔን ነክቶኛል። ፒያሳ ሳለን ጥቁር አንበሳ በእግር የሚደረስ ነበር። ሰፈሩ ፈርሶ ዳር ከተማ ከገባን ወዲህ ለአንድ ጠብታ ደም ታክሲ ስቀያይር እውላለሁ። ቅሬታዬ ሰሚ ይኑረው አይኑረው አላውቅም፤ ለጠያቂዋ ግን፣ ቤታችሁ መሀል ከተማ ከሆነ በዚህ ታድላችኋል፣ ተመላልሳችሁ ተመርመሩ።

የሜክሲኮ አዋላጅ
እስካሁን ማንም የጠያቂዋን ሦስተኛ ጥያቄ አልመለሰም፤ ለእኔ ደግሞ ዋናው እርሱ ነው።

አንቺ ፕሮቲንሽን መመርመርሽ ሳይሆን እንክብሉን መለወጥሽ ይቀድማል። ብዙዎቹ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሎች ኤስትሮጅን የተባለ ሆርሞን አለባቸው። ኤስትሮጅን ደም የመርጋት አደጋን ይጨምራል፣ ፕሮቲን ኤስንም ዝቅ ያደርጋል። የአንድ እናትና አባት እህትሽ በዚህ ዕድሜዋ ደም ከረጋባት፣ ወረቀቱ ምንም ይበል ምን፣ ያ ብቻውን ሌላ መንገድ ለመምረጥ በቂ ምክንያት ነው። በክንድ የሚቀበረው ወይም የመዳብ ሉፕ ኤስትሮጅን የላቸውም፤ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ጠይቂ። ዛሬ ማታ ደንግጠሽ እንክብሉን አትወርውሪው ግን። ያለ ምትክ ካቆምሽ ልታረግዢ ትችያለሽ፤ እርግዝና ደግሞ ከእንክብሉ የባሰ ደም ያረጋል።

ለእህትሽ ሁለት ነገር። ከእንግዲህ ኤስትሮጅን ያለበት መከላከያ ለእርሷ አይሆንም። ዋርፋሪን እየወሰደች ካረገዘች ደግሞ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል፤ ስለዚህ የወር አበባዋ የቀረ ቀን ሳትውል ሳታድር ለሐኪሟ ትንገር፤ በእርግዝና ጊዜ የሚተካው መርፌው ነው።

ስለ አራስ ቤት ሳልናገር አላልፍም። ገንፎው ይብላ፣ ቅቤውም ይቀባ፣ እንግዳውም ይግባ። አራስን ግን ሽንት ቤት እንኳ በድጋፍ ሂጂ እየተባለች አልጋ ላይ ማክረም ይቅር! ከወሊድ በኋላ ያሉት ስድስት ሳምንታት ደም የመርጋት አደጋው በጣም ከፍ የሚልባቸው ናቸው፤ አለመንቀሳቀስ ያባብሰዋል። ድንገት ትንፋሽ ካጠራት፣ ደረቷን ከወጋት ወይም ደም ካሳላት የረጋው ደም ሳንባ ደርሶ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ሰዓት ጎረቤት አይጠራም፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሰባት ቤት
እኔ የነደደኝ የአማቲቱ ንግግር ነው። የምርመራው ነገር ተሳክቶ በዘር መሆኑ ቢረጋገጥ እንኳ፣ ከአንድ ወላጅ የመጣ የፕሮቲን ሲ ማነስ ከ200 እስከ 500 ሰዎች በአንዱ ላይ የሚገኝ ነገር ነው። ከሲኒማ ኢትዮጵያ ፊት ለፊት ቆመሽ አላፊ አግዳሚውን ብትቆጥሪ ብዙ ሳትቆዪ አንዱ ያልፋል። አብዛኞቹ ደም ሳይረጋባቸው ኖረው ያረጃሉ። ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ከባዱ፣ ሕፃኑ በተወለደ በሰዓታት ውስጥ ቆዳው እየጠቆረ የሚመጣው፣ ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ነው። ወላጆች ሲዛመዱ ያ ዕድል ይጨምራል፤ ሰባት ቤት ቆጥሮ መጋባት እዚህ ላይ ይጠቅማል። አማቲቱ ሰባት ቤት ቆጥረው ከዳሩ የድርሻቸውን አድርገዋል፤ ከዚያ በኋላ የምራታቸውን ደም መክሰስ አይገባቸውም። የራሳቸውን ዘርስ ማን መረመረው?

የመጽሐፍ ወዳጅ
ለታሪክ ያህል፦ ፕሮቲን ሲን እ.ኤ.አ. በ1976 ከከብት ደም የለየው ስዊድናዊው ዮሃን ስቴንፍሎ ነው። ማነሱ በቤተሰብ ውስጥ ደም እንደሚያረጋ የታወቀው በ1981 ነው። ፕሮቲን ኤስ ደግሞ የተገኘው በአሜሪካ ሲያትል ነው። አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ፕሮቲኑ ካነሰ ፕሮቲኑን ራሱን በመርፌ መስጠት አይቻልም?

ቸርችል ጎዳና
ከደም የተጣራ የፕሮቲን ሲ መድኃኒት አለ፤ የሚሰጠው ከባዱ ዓይነት ላለባቸው ሕፃናትና መሰል ታካሚዎች ነው። በፋብሪካ የተሠራ የነቃ ፕሮቲን ሲም ነበር። ደም በኢንፌክሽን ለተመረዘባቸው ጽኑ ሕሙማን ተብሎ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 ተፈቀደ፤ በኋላ በተደረገ ጥናት ሞትን እንደማይቀንስ ታይቶ በ2011 ከገበያ ወጣ። እንደ ጠያቂዋ እህት ላለች ሴት ግን ሕክምናው ደም ማቅጠኛው ነው፤ የፕሮቲኑ ውጤት ዝቅም አለ ከፍ አለ በዚህ ወቅት የምትውጠውን አይለውጠውም።

የአምስት ኪሎዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሉንም ለእናቴና ለእህቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው፤ የሰባት ቤትን ሁለት ጊዜ አንብቢ ብለውኛል። ታዲያ ምርመራው በትክክል የሚደገመው መቼ ነው? ከእርሷ ይልቅስ እናቴ ብትመረመር አይቀልም?

ማይክሮስኮፕ
ሕክምናው ቢያንስ ሦስት ወር ነው፤ የሚያበቃበትን ቀን የሚወስነው ሐኪሟ ነው። ለምርመራ ብላ በራሷ እንዳታቋርጥ። ሐኪሟ ዋርፋሪኑን ካስቆማት በኋላ ጥቂት ሳምንታት ታግሣ፣ የወሊዱም ጊዜ አልፎ፣ ያን ጊዜ ትመርመር። ስታስመረምሩ «ነጻ ፕሮቲን ኤስ» ብላችሁ ጠይቁ። ደም ውስጥ ካለው ፕሮቲን ኤስ 60 በመቶ ያህሉ ከሌላ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ነው የሚዞረው፤ ፕሮቲን ሲን በዋናነት የሚያግዘው ነጻው ነው። አንድ ጊዜ ዝቅ ብሎ ቢገኝም በሌላ ቀን ይደገማል እንጂ በአንድ ወረቀት አይፈረድም። ጉበቷ ደህና መሆኑም አብሮ ይታይ።

እናትሽን የማስመርመሩ ሐሳብ መጥፎ አይደለም። ደም ማቅጠኛም ኤስትሮጅንም የማይወስዱ ከሆነ ከእርሳቸው የሚገኘው ቁጥር ከእህትሽ ይልቅ የሚታመን ነው። ነገር ግን የእርሳቸው ጤናማ መሆን ነገሩን አይዘጋውም፤ ከአባታችሁም ሊመጣ ይችላልና። መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቁ፦ ውጤቱ የማንን ሕክምና ይለውጣል? የማንንም የማይለውጥ ከሆነ ገንዘባችሁን ለአይኤንአር አስቀምጡ።

የአምስት ኪሎዋ
እናቴን ጠየቅኋት። «ለልጄ ሕክምና ከሆነ ሁለቱንም ክንዴን እሰጣለሁ፤ ለአማቷ ማስረጃ ከሆነ ግን አንዲት ጠብታ አላስቀዳም» ብላለች። የሐኪሙ ቀጠሮ ሐሙስ ነው። ወረቀቱንም፣ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ዝርዝርም ይዘን እንሄዳለን፤ የእኔን እንክብል ነገር ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ እጠይቃለሁ።

ጋሼ ዋርፋሪን
ሐሙስ ስትሄዱ የሚቀጥለውን የአይኤንአር ቀን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ በቃል የተነገረ ቀጠሮ ይረሳል። እናትሽንም ሰላም በይልኝ።